ሕግ ሳይጻፍ ፍርድ፦ የሶቪየት ሩሲያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

በዚህ ዕትም ስለ ሩሲያ አብዮት የወንጀል ሕግ የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። የሩሲያው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ቦልሼቪኮች የዛሩን ፍርድ ቤቶች በ1917 አፍርሰዋል። አዲሱ የወንጀል ሕግ የወጣው ግን በ1922 ነው። በመካከሉ ሰው የሚቀጣው በምን ነበር?

መልስ፦ ከአሮጌው ሕግ በተረፈው፣ በየጊዜው በሚወጡ ድንጋጌዎች፣ ከሁሉም በላይ ግን «አብዮታዊ ኅሊና» በተባለው፣ ማለትም ዳኛው ለአብዮቱ ትክክል ነው ብሎ በሚያምነው ነው። በ1917 መጨረሻ የወጣው የፍርድ ቤቶች ድንጋጌ ቁጥር 1 የዐቃቤ ሕግን፣ የመርማሪ ዳኛንና የጠበቆችን ተቋም ባንድ ጊዜ ዘጋ። መክሰስም መከላከልም ስሙ ላልጎደፈና የዜግነት መብቱ ላልተነካ ወንድም ሴትም ተፈቀደ። በአካባቢው ፍርድ ቤት አንድ ቋሚ ዳኛና ሁለት በተራ የሚገቡ የሕዝብ ተወካዮች ይቀመጣሉ፤ የሚያዩትም እስከ ሁለት ዓመት እስራት የሚያስቀጣውን ወንጀል ነው። ይግባኝ የለም። በሰበር የሚታየውም ከ7 ቀን በላይ እስራት ወይም ከ100 ሩብል በላይ መቀጮ የተፈረደበት ጉዳይ ብቻ ነው።

ዳኛው የዛሩን ሕግ መጥቀስ ይችላል፤ አብዮቱ ያልሻረውና ከአብዮታዊ ኅሊና ጋር ያልተጋጨ ከሆነ። መጋጨት አለመጋጨቱን የሚወስነው ግን ያው ዳኛ ነው። እኛ እንደምናየው የኋላው ጥፋት ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ተከሳሹ ቀድሞ ሊያውቀው የሚችል መለኪያ አጥቷልና። በኖቬምበር 1918 ደግሞ በወደቁት መንግሥታት ሕግ ላይ ተመሥርቶ መፍረድ ጨርሶ ተከለከለ።

ጸረ አብዮትን፣ አሻጥርንና የነጋዴዎችንና የሹማምንትን ብልግና የሚያዩት የአብዮት ችሎቶች ናቸው፤ ሰብሳቢውና ስድስት ተወካዮች ይሰየሙባቸዋል። በዲሴምበር 1917 የወጣላቸው መመሪያ ስምንት ዓይነት ቅጣት ይዘረዝራል፦ መቀጮ፣ እስራት፣ ከከተማ ወይም ከአገር ማስወጣት፣ በአደባባይ መንቀፍ፣ የሕዝብ ጠላት ብሎ ማወጅ፣ የፖለቲካ መብት መግፈፍ፣ ንብረት መውረስና የግዴታ ሥራ። የትኛው ጥፋት የትኛውን ቅጣት፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያስከትል ግን አልጻፈም።

ውጤቱ በሜይ 1918 ታየ። የሞስኮ የአብዮት ችሎት ጉቦ የበሉ የምርመራ ኮሚሽን ሠራተኞችን በስድስት ወር እስራት አለፋቸው። ሌኒን በጣም ተቆጣ፤ በዚያው ሳምንት፣ ሜይ 8 ቀን፣ የጉቦ ድንጋጌ ወጣ። ለተቀባዩም ለሰጪውም ከአምስት ዓመት የማያንስ እስራት ከግዴታ ሥራ ጋር ደነገገ። ጥፋተኛው ከባለሀብቱ መደብ ከሆነ ሥራው እጅግ የከፋው ይሆናል፤ ንብረቱም ይወረሳል። አንድ ጥፋት በሰው መደብ የተለያየ ቅጣት እንዲኖረው በግልጽ መጻፉን ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ አብዮቱ የሞት ቅጣትን ሽሮ አልነበረም? እንዴት ተመለሰ?

መልስ፦ አዎ፣ ከዛሩ በኋላ ቦልሼቪኮች እስኪነሡ የገዛው ጊዜያዊው መንግሥት በጦር ግንባር የመለሰውን የሞት ቅጣት የሶቪየቶች (የሠራተኞችና የወታደሮች ምክር ቤቶች) ሁለተኛ ጉባኤ ሥልጣን በተያዘ ማግስት ሻረው። ነገር ግን በዲሴምበር 1917 የተቋቋመው የምስጢር ፖሊስ፣ ቼካ፣ ከ1918 መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ፍርድ ቤት ይረሽን ነበር። በጁን 1918 የፍትሕ ኮሚሳሪያቱ (የፍትሕ ሚኒስቴሩ) የአብዮት ችሎቶቹ በቅጣት ምርጫ ገደብ እንደሌለባቸው ወሰነ፤ በዚያው ወር የባልቲክ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው ሽቻስትኒ በችሎት ሞት ተፈርዶበት ተረሸነ። በጃንዋሪ 1920 ቅጣቱ እንደገና ተሻረ፤ ከፖላንድ ጋር ጦርነቱ ሲጋጋል ግን በወራት ውስጥ ተመለሰ።

ጥያቄ፦ የ1922ቱ ሕግ ይህን ሁሉ ሥርዓት አላስያዘውም?

መልስ፦ በከፊል አስይዟል። ከጁን 1 ቀን 1922 ጀምሮ ዳኛው አንቀጽ ቆጥሮ ይፈርዳል፤ የእስራት ጣሪያው 10 ዓመት ሆነ። ለንጽጽር፣ በዲሴምበር 1919 የወጣው መመሪያ «አንድ የታወቀ ነገር እስኪደርስ» ድረስ ማሰርን ይፈቅድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ማብቂያው በማንም እጅ አይቆጠርም። በ1922 ዐቃቤ ሕግም ተመልሶ ተቋቋመ።

ነገር ግን አንቀጽ 6 ወንጀልን ለሶቪየት ሥርዓት አደገኛ የሆነ ማናቸውም ድርጊት ወይም ድርጊትን መተው ብሎ ተረጎመው። አንቀጽ 10 ደግሞ በሕጉ ያልተጻፈ ድርጊት ሲያጋጥም ዳኛው በጣም በሚቀርበው አንቀጽ አመሳስሎ እንዲቀጣ ፈቀደ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ተፈጽመው ፍርድ ላላገኙ ድርጊቶችም ይሠራ ነበር። ይህ በአርቃቂዎቹ ቸልታ የመጣ ክፍተት አይደለም፤ ሌኒን በዚያው ሜይ ወር ለፍትሕ ኮሚሳሩ ለኩርስኪ ሲጽፍ ፍርድ ቤት ሽብርን ማስወገድ ሳይሆን ሕጋዊ መሠረት መስጠት እንዳለበትና አገላለጹም በተቻለ መጠን ሰፊ እንዲሆን አሳስቧል። በማመሳሰል መቅጣት በሶቪየት ኅብረት የቀረው በ1958 ነው።

ጥያቄ፦ ደርግስ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል?

መልስ፦ መነሻው ይለያል። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ሲያግድ መደበኛ ፍርድ ቤቶችንና የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አልሻረም፤ የዚህ ሕግ አንቀጽ 2 በማመሳሰል ወንጀል መፍጠርን በግልጽ ይከለክላል። አዲሱ ሥርዓት ከላዩ የተደረበው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው፤ ልዩ የጦር ፍርድ ቤትና ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 7 እና 8 ታወጁ። ልዩ ሕጉም ወደኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ተደረገ። ይሁን እንጂ ኅዳር 14 ቀን የተገደሉት 60 ሰዎች በዚህም ፍርድ ቤት ፊት አልቀረቡም።

ጥያቄ፦ ድንጋጌ ቁጥር 1 በአንዱ መጽሐፍ ኖቬምበር፣ በሌላው ዲሴምበር 1917 ይባላል። የትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሩሲያ ያኔ በጁልያን አቆጣጠር ትሠራ ስለነበር ኖቬምበር 22 ማለት በአዲሱ ዲሴምበር 5 ነው፤ ልዩነቱ 13 ቀን። በ1918 ከጃንዋሪ 31 ቀጥሎ የዋለው ፌብሩዋሪ 14 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ቀኖች መለወጥ አያስፈልግዎትም።