መቼ ነው የምትፈላው? የድሮ ውድድር መኪናና ሙቀት

ፀሐዩ ሲበረታ የእናንተም ጥያቄ ይበዛል። የዚህ ወር ጥያቄዎች ደግሞ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው፦ አሮጌዋ የውድድር መኪናዬ ትፈላብኛለች፣ ምን ልግዛላት? እኔ ከግዢው በፊት መልሼ የምጠይቀው አለኝ። መቼ ነው የምትፈላው? ቆማ ነው፣ ስትሮጥ ነው ወይስ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ? እሱን ከነገራችሁኝ ግማሹን በሽታ ነገራችሁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተሰልፌ መነሻውን ስጠብቅ የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ይወጣል። ሁለት ዙር ከሄድኩ በኋላ ይወርዳል። ትልቅ ራዲያተር ልግዛ?

ገንዘብህን ያዝ። ስትሮጥ ከቀዘቀዘች ራዲያተሩ ጤነኛ ነው። የጎደለህ ቆመህ ሳለ የሚያልፈው አየር ነው። ማራገቢያውን እይ፤ ዙሪያውን የሚከብ ሽፋን አለው? ከሌለው አየር የሚስበው ከፊቱ ባለችው ክብ ብቻ ነው፣ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሥራ ፈት ናቸው። ቀጥሎ በራዲያተሩ ዳርና በመኪናው አካል መካከል ጣትህን ክተት። ገባ? አየሩም በዚያው ሾልኮ ይሄዳል። አየር ቀላሉን መንገድ እንጂ አንተ የፈለግከውን አይመርጥም። ክፍተቱን በስስ አልሙኒየምና በስፖንጅ ድፈነው። ለመነሻው ሰልፍ ብቻ የምትከፍታት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያም ትጠቅማለች። መጠበቁ ከረዘመ ደግሞ ሞተሩን አጥፋው።

ጥያቄ፦ የኔ ተቃራኒው ነው። ቀጥታው ላይ ሙሉ ነዳጅ ስሰጥ ነው የምትሞቀው። «ውሃው በጣም ስለሚፈጥን ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» ይሉኛል። ቴርሞስታቱንም (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥቼ ጥያለሁ።

ይህ ወሬ ከብዙዎቻችን መኪና በዕድሜ ይበልጣል። ውሃ ቶሎ ሲዞር የሚያነሳው ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቴርሞስታቱን ማውጣት ግን በሌላ ምክንያት ሊጎዳህ ይችላል። ቴርሞስታት የውሃውን መንገድ ስለሚያጠብ ፖምፓው ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል። ያ ግፊት ሲጠፋ በጣም በጋሉት ቦታዎች፣ በተለይ በጭስ ማውጫ ቫልቮች ዙሪያ፣ ውሃው እዚያው በእንፋሎት ይፈላል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ራዲያተሩን ዘሎ የሚመለሰውን መንገድ የሚዘጋው ራሱ ቴርሞስታቱ ነው። ካወጣኸው የውሃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ስለዚህ መልሰው፣ ወይም በቦታው መሀሉ የተበሳ ጠፍጣፋ ብረት አስገባ።

ከዚያ እውነተኛውን ጥፋት ፈልግ። እኔ በዚህ ተቃጥያለሁ። ራዲያተር ሁለት ጊዜ ለውጬ ጥፋቱ የታችኛው የራዲያተር ቱቦ ሆኖ አገኘሁት። ውስጡ ያለው ሽቦ ዝጎ አልቋል፤ ሞተሩ ሲጮህ ፖምፓው እየሳበ ቱቦውን ያጣብቀዋል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ሲዞር) ደህና ነው፣ ማንም አያየውም! ሰው ነዳጅ ይስጥልህ፣ አንተ ኮፈን ከፍተህ ቱቦውን ተመልከት፤ እጅህን ከማራገቢያው አርቅ። እሱ ደህና ከሆነ የራዲያተሩን ፊት በሙቀት መለኪያ ቃኘው። አንድ ቦታ ቀዝቃዛ ከሆነ እዚያ ተደፍኗል። ፋዜው፣ ማለትም ሻማው እሳት የሚሰጥበት ሰዓት፣ ወደ ኋላ የቀረ እንደሆነ ወይም ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያሳንስ ከሆነም ሞተሩ ይግላል። ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ የአየር አረፋ ካየህ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፤ መፍታት ነው እንግዲህ።

ጥያቄ፦ ንጹህ ውሃ ወይስ አንቲፍሪዝ?

ለውድድር የተጣራ ውሃና ዝገት መከላከያ። ውሃ ከአንቲፍሪዝ ድብልቅ የበለጠ ሙቀት ይሸከማል። በዚያ ላይ አንቲፍሪዝ አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትታል፣ ብዙ የውድድር ሜዳዎችም ይከለክሉታል። የመፍላቱን ነገር የሚያስተካክለው ግፊት የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። በ1 ባር ክዳን ሥር ንጹህ ውሃ የሚፈላው ወደ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ግን የድሮ የነሐስ ራዲያተር 1 ባር ላይችል ይችላል፤ ለተሠራበት ግፊት የሚሆን ክዳን ግጠም። ብርድ ሲመጣ ውሃውን ማፍሰስ እንዳትረሳ። ትኩስ ክዳን ስለ መክፈት የምለው የለኝም፤ የተቃጠለ ሰው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራች ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርድ ቪ8 ለውድድር አሰናድቻለሁ። አዲስ ራዲያተር ገጥሜም ትሞቃለች።

ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ አፈጣጠሯ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በወጣው በዚያ ሞተር ቫልቮቹ ያሉት ብሎኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል፣ ውስጥ ነው። የጋለው ጭስ የሚወጣውም ብሎኩን አቋርጦ፣ በውሃው መሀል አልፎ ነው። ውሃው የጭሱንም ሙቀት አብሮ ይሸከማል ማለት ነው። በዚህ ላይ የብሎኩ ብረት ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ውስጡ የቀረ አሸዋና የብዙ ዓመት ዝገት አለ። ሞተሩ ሲፈታ ብሎኩን በደንብ አሳጥበው። ፖምፓዎቹም ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሰንፎ ሌላው ቢሠራ ሙቀቱ በአንድ በኩል ይበዛል።

ጥያቄ፦ የውሃው ሙቀት ምንም አይል። ግን ከውድድር ወጥቼ አጥፍቻት ከሩብ ሰዓት በኋላ አትነሳም። ስትቀዘቅዝ እንደ ምንም ትነሳለች።

ቤንዚኑ ነው የፈላው። ሞተሩ ሲጠፋ አየሩም ውሃውም ይቆማል፣ ሙቀቱ ግን ወደ ካርቡሬተሩና ወደ ቱቦዎቹ መውጣቱን ይቀጥላል። የቤንዚን ቀላል ክፍሎች ደግሞ ከ40 ዲግሪ በታች መፍላት ይጀምራሉ። የዛሬ ቤንዚን የተሰናዳው በግፊት ለሚረጩ ዝግ ሲስተሞች ነው፣ ለአያቶቻችን ካርቡሬተር አይደለም። ሞተሩ ላይ የተገጠመው የድሮ ቤንዚን ፖምፓ ከሩቅ ታንከር እየሳበ፣ በዚያ ላይ እየጋለ፣ እንፋሎት ይስባል።

ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አርቅ፣ ካልተቻለም ሙቀት በሚከላከል ነገር ሸፍነው። ካርቡሬተሩ ሥር ሙቀት የማያስተላልፍ ወፍራም ማረፊያ አስገባ፤ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ዋናው መፍትሔ ግን ታንከሩ አጠገብ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ፖምፓ ነው፣ ከመሳብ ይልቅ ስለሚገፋ። ግፊቱ ለካርቡሬተሩ የሚስማማ ይሁን፣ አደጋ ቢደርስ የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያም አትርሳ። ለዛሬው ግን ከሜዳው ስትወጣ ኮፈኑን ክፈት። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጠህ፣ ሳታነሳው፣ አስነሳ። እንዲህ አድርገህም አሁንም ከሞቀች የምትሞት ከሆነ ለሻማ እሳት የሚያመነጩትን ቦቢናና ኮንደንሰሩን ለውጥ። ሁለቱም ሲግሉ የሚያምፁ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፍሬኔ ከጥቂት ዙር በኋላ እንደ ስፖንጅ ይሆናል።

የፍሬን ዘይቱን ለውጥ። ከአየር እርጥበት ይጠጣል። በደረጃው መሠረት ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ እርጥበት የገባበት ግን 155 ላይም ሊፈላ ይችላል። ከሜዳ ስትወጣ የእጅ ፍሬን አትያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ።

ጥያቄ፦ የምወዳደረው እኔ ሳልሆን አባቴ ነው። 68 ዓመቱ ነው። ከመኪናዋ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል።

እህቴ፣ ከሁሉም ጥያቄ የወደድኩት ያንቺን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1955 ቦነስ አይረስ ላይ በተደረገው የአርጀንቲና ግራንድ ፕሪ ሙቀቱ እጅግ ከመክበዱ የተነሳ ሙሉውን ውድድር ብቻቸውን የነዱት አሸናፊው ፋንጂዮና ሮቤርቶ ሚየሬስ፣ ሁለቱም የአገሬው አርጀንቲናውያን፣ ብቻ ነበሩ። ሁለተኛ የወጣችውን መኪና ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ነው የነዷት። እነዚያ በሙያቸው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

አባትሽ ውሃ መጠጣት የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ አንዳንዱ ከሙቀት ጋር አይስማማም። ወደ እግሩ የሚመጣውን የሞተር ሙቀት ለመከላከል በሞተሩና በሹፌሩ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ድፈኑ። እስኪጠሩት ድረስ ጥላ ሥር፣ የውድድር ልብሱን እስከ ወገቡ አውልቆ ይቀመጥ። ሲመለስ አንቺ ሂጂና አዋሪው። ንግግሩ ከተምታታ ወይም የት እንዳለ ግር ካለው ያ ድካም አይደለም፤ ልብሱን አውልቂለት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት፣ ሐኪም ጥሪ። መኪናዋን ሌላ ሰው ይገፋታል።