ኢኮኖሚክስን ከሒሳብ ማይነር ጋር ለመማር ኮርሶቹን እንዴት ትደረድሪያቸዋለሽ?

ሰላም እህቴ። ኢኮኖሚክስ ሜጀር (ዋና ትምህርት) ይዘሽ ሒሳብን ማይነር (ንዑስ ትምህርት) ለማድረግ ምን ምን ኮርስ እንደሚያስፈልግና ልፋቱ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም የተመረቅኩት በዚሁ ነው። ከዚያ በኋላም ታናናሾቼን ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መተንተን) ሳስጠና ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

የኢኮኖሚክሱ ዝርዝር የትም ብትሄጂ ብዙ አይለያይም። መግቢያ ማይክሮና ማክሮ፣ ቀጥሎ ኢንተርሚዲየት ማይክሮና ማክሮ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ፣ ከዚያ ምርጫ ኮርሶች። ለማይነሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ እና ከፍ ያሉ ጥቂት የሒሳብ ኮርሶች ይጠየቃሉ። ስንት እንደሆኑ የሚወስነው የራስሽ ዩኒቨርሲቲ ካታሎግ ነው።

ጣጣው ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አንዱ ኮርስ ለሌላው ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት) ስለሆነ ካልኩለስን ያዘገየ ሰው ሁሉም ነገር ይዘገይበታል። ስለዚህ ካልኩለስን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ያዢው። ሊኒየር አልጀብራን ደግሞ እባክሽ ከኢኮኖሜትሪክስ በፊት ጨርሺው።

ለምን መሰለሽ? ሪግሬሽን (የቫሪያብሎችን ግንኙነት ከመረጃ የሚገምት ስሌት) ውስጥ ለወንድ አንድ ደሚ (ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 የሚሆን ቫሪያብል)፣ ለሴት አንድ ደሚ፣ በዚያ ላይ ኮንስታንት አስገባሽ እንበል። የሁለቱ ደሚዎች ድምር ሁልጊዜ 1 ነው። የኮንስታንቱም ዓምድ እንዳለ 1 ነው። አንዱ ዓምድ ከሌሎቹ ተደምሮ ስለሚገኝ ስሌቱ የሚገለብጠው ማትሪክስ ኢንቨርስ አይኖረውም፤ ሶፍትዌሩም አንዱን ይጥልብሻል። ሊኒየር አልጀብራ የወሰደ ተማሪ ይሄ ወዲያው ይታየዋል። ያልወሰደው «አንዱን ደሚ አስወጡ» የሚለውን ሸምድዶ ይገባል፤ ጥያቄው ትንሽ ተቀይሮ ሲመጣ ግን ይቸገራል። ሳስጠና ደጋግሜ ያየሁት ይሄንኑ ነው።

ብዙ ቫሪያብል ያለው ካልኩለስም ኢንተርሚዲየት ማይክሮ ላይ ያግዝሻል። በውስን በጀት እርካታን ከፍ ማድረግ የላግራንዥ ዘዴ (ገደብ እያለ ከፍተኛውን መፈለጊያ ስልት) ሥራ ነው። እዚያ የምታገኚያት ላምዳ (የዘዴው ማባዣ) በጀትሽ በትንሹ ቢጨምር እርካታሽ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያድግ ትነግርሻለች። ይሄ ከገባሽ ግማሹ ኮርስ ቀለለልሽ ማለት ነው።

ከፍ ካሉት ኮርሶች የምትመርጪ ከሆነ እኔ ፕሮባቢሊቲን አስቀድማለሁ። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንም (የለውጥ ፍጥነትን የያዘ እኩልታ) ጥሩ ነው፤ ኢኮኖሚስቱ ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የዕድገት ሞዴል እምብርቱ ላይ ያለው አንድ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው። ግን ሁለቱን የመውሰድ ዕድል ከሌለሽ ፕሮባቢሊቲ ይበልጥብኛል፤ ያለ እሱ ኢኮኖሜትሪክስን ከሥሩ መረዳት ይከብዳል።

ሪል አናሊሲስን (የካልኩለስን መሠረት በጥልቀት የሚያጠና ኮርስ) መውሰድ አለመውሰድሽን የሚወስነው ወደፊት የምታስቢው ነገር ነው። ኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ካሰብሽ አትዝለይው። ኮርሱ ስሌት ሳይሆን የሒሳብ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) መጻፍ ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ኧሮውና ደብሩ እ.ኤ.አ. በ1954 የገበያ ሚዛን መኖሩን ያረጋገጡት በዚህ ዓይነት ሒሳብ ነው፤ የፒኤችዲ የመጀመሪያ ዓመት ማይክሮም በዚሁ ቋንቋ ነው የሚሰጠው። ማረጋገጫ አጻጻፍ የሚያስተምር መግቢያ ኮርስ ካለ መጀመሪያ እሱን ውሰጂ። አናሊሲስ ያለበትን ሴሚስተር ደግሞ በሌላ ከባድ ኮርስ አታጨናንቂው። ሐሳብሽ ተመርቀሽ በቀጥታ ሥራ መግባት ከሆነ ግን ያንን ቦታ ለተጨማሪ ስታቲስቲክስና ፕሮግራሚንግ ብታውዪው ይሻላል።

አንድ ኮርስ ለሜጀሩም ለማይነሩም ይቆጠር እንደሆነ ሳትመዘገቢ በፊት አማካሪሽን ጠይቂ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። አንዳንዱ ትምህርት ክፍል ስታቲስቲክስን ለሁለቱም ይቆጥራል፤ ሌላው አይፈቅድም። «ሒሳብ ለኢኮኖሚስቶች» የሚባለውን ኮርስ ለማይነር የማይቀበልም አለ። ይሄን መጨረሻ ዓመት ላይ መስማት ምረቃን ሊያዘገይ ይችላል።

እስካሁን የወሰድሻቸውንና የቀሩሽን ኮርሶች እዚሁ ጻፊልኝ፤ የሚቀጥለውን ሴሚስተር አብረን እንደረድረዋለን።