ዕቃውን ግዛ፣ ባሩዱን ተውለት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ አካባቢ አንድ ሰው ጥይት መልሶ የመሙያ ዕቃውን ጠቅልሎ በ400 ዶላር እየሸጠ ነው፤ ፕሬሱም (መጭመቂያ ማሽኑ)፣ ሚዛኑም፣ ዳዮቹም (ፕሬሱ ላይ ገብተው ቀለሁን የሚቀርጹት)፣ ባሩዱና ፕራይመሩም (ቀለሁ ቂጥ ላይ ገብታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው) አብሮ ነው፤ «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልከው። እኔም በ2021 መጀመሪያ ላይ ልክ እንዳንተ ነበርኩ። ያኔ ሱቅ ስትገባ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ፕራይመር የሚባል ነገር በዓይን አይታይም። ስለዚህ «ሁሉም አብሮ አለ» የሚል ሻጭ ሳገኝ ሎተሪ የደረሰኝ ነው የመሰለኝ።

መልሴ አጭር ነው። ዋጋው መጥፎ አይደለም፤ ዕቃውን ግዛ። የተከፈተውን ባሩድ ግን በነፃ ቢሰጥህም አትንካው። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ አንድ ደህና ጠብመንጃና አንድ ሙሉ የኤልክ (የትልቁ አጋዘን) አደን ወቅት ከስሬያለሁ። አሞላሉን አልነግርህም፤ መመሪያ መጽሐፉን አንብበሃል ብዬ ነው። ካላነበብክ ከዕቃው በፊት እሱን ግዛ።

1. ፕሬሱ። አሮጌ ብረት አያስፈራህ። ሮክ ቸከር የሚባለው ከሆነ ድፍን ብረት ነው፤ ባለቤቱን ይቀብራል እንጂ እሱ አይሞትም። እጀታውን አውርድና ወደ ላይ የሚወጣውን ዘንግ በጣትህ ግራና ቀኝ ነቅንቀው። ትንሽ መነቃነቅ ምንም አይደል። እንደ ላላ ጥርስ ከተንገዳገደ ግን ዋጋ አስቀንስ። አሉሚኒየም ከሆነ የስልክህን መብራት አብርተህ ማዕዘኖቹ ላይ ስንጥቅ ፈልግ። ፕራይመር የምታስገባዋ ክንድ መኖሯንም እይ፤ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። ዲሎን 550 የሚባለው ሰማያዊው ፕሬስ ከሆነማ አታመንታ። ኩባንያው ዋስትናውን የሚሰጠው ለማሽኑ ነው፤ አሥረኛ ባለቤት ብትሆንም የተሰበረውን ይቀይርልሃል። ዳዮቹ የማን ናቸው ብለህ አትጨነቅ፣ የአብዛኞቹ የብሎን ጥርስ አንድ ስለሆነ ሊ የሚባለው ኩባንያ ዳይ አርሲቢኤስ የሚባለው ኩባንያ ፕሬስ ላይ ይገባል። ብቻ እያንዳንዱን አውጥተህ ውስጡን እይ። ለኔ አንዱ ሻጭ ቀለህ ተቀርቅሮበት የቀረ ዳይ በሳጥኑ ሸጦልኛል። ሳጥኑ በጣም ያምር ነበር።

2. ሚዛኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ፣ ዘዴውን ሌላ ሰው ሲጠቀምበት አይቼ አላውቅም። ኪስህ ውስጥ ሦስት አዳዲስ የአምስት ሳንቲም ኒኬሎች ይዘህ ሂድ። የአሜሪካ ኒኬል ክብደቷ 5 ግራም ነው። የኛ ሚዛን ደግሞ የሚናገረው በግሬን (ባሩድ በሚመዘንበት ትንሽ የክብደት መለኪያ) ነው፤ 5 ግራም ወደ 77 ግሬን ይመጣል። አንዷን ኒኬል አስቀምጥና አንብብ፣ አንሳት፣ መልሰህ አስቀምጥ። የሳንቲም ነገር ስለሆነ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ዋናው ሚዛኑ በየጊዜው ሐሳቡን አለመቀያየሩ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ያሳየኝ ባለ ክንድ ሚዛን ያችኑ ኒኬል አንዴ 75፣ አንዴ 79 አላት። ሻጩ ፊቱ ቀላ። «ለመንገድ ዘይትህ» ብሎ በአሥር ዶላር ጣለልኝ። ቤት ወስጄ ክንዱ የሚያርፍባትን ትንሽ ድንጋይ በጥርስ ብሩሽ ሳጸዳት፣ 77 ላይ ቁጭ! ለካ የዓመታት አቧራ ነው። ዛሬም የምሠራው በእሱ ነው። ግን ይህን አይቼ የተማርኩት ከተቃጠልኩ በኋላ መሆኑን እንዳትረሳ።

3. ባሩዱ። ይኼው ደረስን።

የሸጡልኝ ሰው ሰባዎቹን የጨረሱ ጡረተኛ ነበሩ። ጋራዣቸው እንደ ፋርማሲ ነው፤ ሁሉም ነገር ስሙ ተለጥፎበት ተደርድሯል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሊተዉት ነው። ወንበር ሳቡልኝ። ባለቤታቸው ቡና ይዘው መጡ፤ ያው የነሱ ቡና፣ ከውኃ የሚለየው በቀለሙ ነው። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው ስለ ጃንሆይ አንድ ሁለት ነገር አወሩኝ። 550 ዶላር ብለው ነበር፣ አልተከራከርኩም። ከዕቃው ጋር አምስት ጣሳ ባሩድ አለ፤ ሦስቱ የተከፈተ ነው።

ክዳኑን ከፍቼ ማየት ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄ ጣሳው ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዴት አድርጌ? የሰው ቡና እየጠጣሁ፣ አባቴ ከሚሆኑ ሰው ፊት፣ «እስቲ ልሽተተው» ልበል? ሌባ ያልኳቸው መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። «ባሩዱ ደህና ነው፣ እኔ ራሴ የምሠራበት ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። አልዋሹኝም ደግሞ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ቤት ገብቼ ለ30-06 (የጥይቱ ልክ ስም ነው) ጠብመንጃዬ ሃያ ጥይት ሞላሁ። ጣሳው ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንዳለ ነው፤ ለረጅም ጠብመንጃ የሚሆን፣ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ይላል። መጽሐፉ ከሚለው ዝቅተኛ መጠን ነው የጀመርኩት። እያንዳንዷን ሁለቴ መዘንኳት። ምንም የጎደለኝ ጥንቃቄ አልነበረም፤ ከአንዷ በቀር።

ተኩስ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ደህና ሄደ። የሁለተኛው ድምፅ ሌላ ነበር። እንደ ጅራፍ ጮኸ። ትኩስ ጢስ ጉንጬን መታኝ፤ መነጽር ባላደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍልህ በአንድ ዓይን ነበር። ቦልቱን (የጠብመንጃውን መቀርቀሪያ) ልከፍት ብል ወይ ፍንክች። ጠብመንጃ ጠጋኙ በስንት መከራ ሲያስከፍተው የቀለሁ ቂጥ እንደ ሰም ፈሷል፣ ፕራይመሩ ከነጭራሹ የለም። «ይህን ከእንግዲህ ግድግዳ ላይ ስቀለው» አለኝ። ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር 75 ዶላር ከፈልኩ።

ማታ የቀሩትን አሥራ ስምንት ጥይቶች ፈትቼ ባሩዱን ነጭ የስኒ ማስቀመጫ ላይ ዘረገፍኩት። በመብራት ሳየው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተቆራረጠ የእርሳስ ጫፍ የሚመስል፣ ረዘም ያለ። መሐል መሐሉ ላይ ደግሞ ደቃቅ ጠፍጣፋ ነገር አለ፤ በፍጥነት የሚነድ የሽጉጥ ባሩድ። ጤፍ ውስጥ እንደገባ እንክርዳድ። እናቴ ሰፌድ ላይ ብታገኘው ለመለየት አንድ እይታ ይበቃት ነበር። እኔ የሃያ ጥይት ባሩድ ስመዝን ያነበብኩት የሚዛኑን ቁጥር ብቻ ነው።

ደወልኩላቸው። ዝም አሉ፣ ቆዩ። ከዚያ ነገሩኝ፤ ሥራ ሲጨርሱ መስፈሪያው ውስጥ የተረፈውን ወደ ጣሳው ይመልሱታል። አንዱን ቀን የሽጉጥ ሲሞሉ ውለው ወደ ተሳሳተ ጣሳ መልሰውት ይሆናል። ዓይናቸውም ደክሟል። ድምፃቸው ተሰበረ። «ገንዘብህን ልመልስልህ» አሉኝ። ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? «ኧረ ግድ የለም!» አልኩ። ጠብመንጃዬ ፈርሶ፣ ወቅቱ አልፎኝ፣ አሁንም ይሉኝታ! ባለቤቴ ይህን ስትሰማ የሳቀችውን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እንግዲህ ለዚህ ነው የምልህ። ያረጀ ባሩድ ይታወቃል፤ ክዳኑን ስትከፍተው ኮምጠጥ ያለ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ አለው፣ ቀላ ያለ አቧራ ይታይበታል፣ የጣሳው ውስጥ ይዝጋል። የተደባለቀ ባሩድ ግን በማሽተት አይታወቅም። የታሸገውን ብቻ፣ ማኅተሙ ያልተነካውን፣ ውሰድ። የባሩድ መስፈሪያውንም ገልብጠህ እይ። ውስጡ ባሩድ ካለበት ወይም ፕላስቲኩ ቢጫ ካለ ሰውዬው ባሩድ ውስጡ ትቶ የሚያድር ሰው ነው፤ ያ ስለ ጣሳዎቹም ይነግርሃል። የኔን የተደባለቀውን የጓደኛዬ ግቢ ሣር ላይ በስሱ በተንኩት። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ግን እንዳትጥለው።

አፓርታማ ነው የምትኖረው? እኔ ያኔ አፓርታማ ነበርኩ። ሰው ጨዋ ልሁን ብሎ ይጠይቃል አይደል? ወደ ኪራይ ቢሮው ሄጄ «ሁለት ፓውንድ ባሩድ ቤቴ ማስቀመጥ ይፈቀዳል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። የነበረችው ሴት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ምን ልታደርግበት ነው?» አለችኝ። ስለ አደን ሳስረዳት የምታየው አነጋገሬን እንጂ የምለውን አልነበረም። ጎረቤቴ፣ የቴክሳስ ልጅ፣ ቁም ሳጥኑ ሙሉ ባሩድ ነው፤ እሱን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ተናድጄ እዚያው ሰፈር ወዳለው የእሳት አደጋ ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ሰውዬ ግን ወርቅ ነው። ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። የተለመደው ደንብ ለግል መኖሪያ እስከ 20 ፓውንድ ባሩድ በፋብሪካው ዕቃ፣ እስከ 10,000 ፕራይመር ይፈቅዳል። ከተማህ ግን የተለየ ሊል ይችላል፤ አንተም በቀጥታ ወደነሱ ሂድ። ኪራይ ቢሮ ሄደህ ደምህን አታፍላ። ውልህን ግን ቤትህ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ቁጥሩን ትቼዋለሁ፣ የቀረውን እንዲሁ ልበልህ።

ባዶ ቀለህ ከጨመረልህ ደስ ይበልህ። አያቴ ጎጃም ውስጥ ባዶ ቀለህ በጨርቅ ቋጥረው እንደ ብር ነበር የሚያስቀምጡት፤ እኔ ደግሞ ኮሎራዶ መጥቼ ያንኑ አደርጋለሁ። ብቻ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ አታውቅም። ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካየህ ሊበጠስ የቀረበ ነው። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዘርጋ፣ ጫፉን በትንሹ እጠፍና ውስጡን ዳስሰው፤ ጉድባ ውስጥ እንደገባ ከያዘህ ጣለው። አፉ የተሰነጠቀውንም እንዲሁ።

ሰውዬው ራሱ የሞላው ጥይት ካለ፣ ምንም ያህል የሚያምር ቢሆን፣ ጠብመንጃህ ውስጥ አይግባ። ፍታው፤ ቀለሁና አረሩ ይጠቅምሃል። ፕራይመርም ከዋናው ማሸጊያው ከወጣ ተወው። ትልቁ የሽጉጥና ትልቁ የጠብመንጃ ፕራይመር ወርዳቸው አንድ ነው፣ ቁመታቸው ይለያያል። ብልቃጥ ውስጥ የተቀላቀለውን በዓይን ለይቼ እጠቀማለሁ ማለት ቀልድ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ለራስህ ለመሙላት የፌደራል ፈቃድ አያስፈልግም። ለጓደኛህ ሞልተህ ልሽጥ ካልክ ግን ያስፈልጋል፤ «የሠርግ ወጪ ላግዝህ» እያለ የሚያባብልህ ካለ እንዳትሰማው። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ወንድም ካለ ደግሞ ይጠንቀቅ። የፌደራል ሕግ ባሩዱንም፣ ፕራይመሩንም፣ ቀለሁንም እንደ ጥይት ነው የሚቆጥረው፤ ለአደን ፈቃድ ያለው ሰው የሚጠቀምበት በር ቢኖርም በመጀመሪያ ጠበቃ ይጠይቅ። የስቴትህንም ሕግ እይ።

ቀለህ ማጽጃ ማሽኑን ቤት ውስጥ እንዳትከፍተው። አቧራው መርዛማው የእርሳስ ብረት (ሊድ) አለበት። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ኩሽና ውስጥ ከጀበናው አጠገብ ነበር የማስነሳው። ልጅ ያለበት ቤት! ባለቤቴ አንድ ቀን ማሽኑን ከነገመዱ በረንዳ ላይ አውጥታ በሩን ቆልፋ ጠበቀችኝ። ልክ ነበረች። አሁን ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ስጨርስም እጄን ሳልታጠብ በሩን አላልፍም።

ባለፈው ጥቅምት በራሴ ጥይት፣ በሁለተኛው ጠብመንጃዬ፣ የመጀመሪያዋን ኤልኬን ጣልኩ። ፍሪዘሩ እስከ ፋሲካ ሞልቶ ነበር፤ ጥብሱን ቄሱም አመስግነውታል።

ቅዳሜ ስትሄድ ቡና ቢሰጡህ ጠጣ፣ አመስግን፣ ከዚያ ክዳኑን ክፈት። ቅር ካላቸው ይበላቸው። የዳዮቹንም ፎቶ በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ 30-06 ካለበትና ላንተ ካልሆነ እኔ እወስደዋለሁ። ባለ ቀለሁ ዳይ እስከ አሁን ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ነው።