ሻርለማኝን “ንጉሠ ነገሥት” ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ማስታወሻ ሳዘጋጅ “ታላቁ ሻርለማኝ በ800 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ ጫነ” ብዬ ጻፍሁ። አንዱ ባልደረባዬ “ንጉሠ ነገሥት የእኛ ማዕረግ ነው፤ ኢምፐረር በለው” አለኝ። ሌላዋ ደግሞ “ቄሣር” ይሻላል አለች። የቱን ልያዝ? (የታሪክ መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ለሁለተኛዋ ባልደረባዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ምክንያቱን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነው የምነግርዎ፤ ባጭሩ መመለስ የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ይህን ዓምድ አልጽፍም ነበር።

አስቀድሞ ቀኑን እናቅና። “ዓ.ም.” ካሉ አንባቢ በእኛ አቆጣጠር ይወስደዋል። ካርል (ሻርለማኝ ማለቴ ነው) ሮም ውስጥ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ በፓፓ ሊዮ 3ኛ እጅ ዘውድ የጫነው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 800 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 793 ዓ.ም. ይሆናል። ያን ጊዜ እነሱም በዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበሩ ልደትን ያከበርነው በአንድ ቀን ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ማዕረጉ። በ968 የክሬሞናው ጳጳስ ሊውትፕራንድ በኦቶ 1ኛ ተልኮ ቁስጥንጥንያ ገባ። ኦቶ በ962 ሮም ላይ ዘውድ የጫነ፣ ራሱን የካርል ወራሽ አድርጎ የሚቆጥር ጀርመናዊ ነው፤ ጳጳሱም የመጣው ለኦቶ ልጅ ሚስት ሊያጭ ነው። ሰኔ ወር ላይ ከቁስጥንጥንያው ንጉሥ ከኒኬፎሮስ ወንድም ከሊዮ ፊት ቀረበ። ሊዮ ኦቶን “ባሲሌዎስ” (የቁስጥንጥንያው ገዥ ራሱ የሚጠራበት የግሪክ ማዕረግ) ብሎ እንደመጥራት፣ ንቀቱ እንዲታወቅለት “ሬጋ” አለው፤ ከላቲኑ “ሬክስ” የተወሰደ ነው፣ ተራ ንጉሥ ማለት። ሊውትፕራንድ “ቃሉ ይለያይ እንጂ ትርጉሙ አንድ ነው” ብሎ ሊያልፈው ቢሞክር፣ ሊዮ “አንተ የመጣኸው ለጠብ እንጂ ለሰላም አይደለም” ብሎ ተቆጣው። በዚያው ክረምት የፓፓው መልእክተኞች ኒኬፎሮስን “የግሪኮች” ገዥ፣ ኦቶን ግን “የሮማውያን” ገዥ የሚል ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ ወህኒ ወረዱ፤ የቁስጥንጥንያ ገዥዎች የሮማውያን ገዥ እኛ ነን ባዮች ነበሩና።

“ቃሉ ቢለያይ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው” የሚሉ የቋንቋ ሰዎች ዛሬም አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ እየተገናኘን ቡና እንጠጣለን። “ኢምፐረር ንጉሠ ነገሥት ነው፣ ንጉሠ ነገሥትም ኢምፐረር፤ ምን ያከራክራል?” ይላሉ። እነሱ የሊውትፕራንድ ወገን ናቸው፤ እኔ በዚህ አንድ ነገር ከሊዮ ጋር ነኝ።

ለምን ቢሉ፣ “ንጉሠ ነገሥት” ከላይና ከታች ያለው ስም ነው። ዮሐንስ 4ኛ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ በሥራቸው ምኒልክ ንጉሠ ሸዋ፣ ተክለ ሃይማኖት ንጉሠ ጎጃም ነበሩ። “ነገሥት” የሚለው ብዙ ቁጥር ለጌጥ አልገባም። “ኢምፔራቶር” ግን “ኢምፔራሬ”፣ ማዘዝ፣ ከሚለው የላቲን ግስ የወጣ ነው። በጥንቱ ሮም ድል ያደረገን የጦር አለቃ ወታደሮቹ እየጮኹ የሚሰጡት ስም ነበር፤ በጥሬው “አዛዥ” ነው። ካርልም ከ800 በኋላ “የፍራንኮችና የሎምባርዶች ንጉሥ” የሚለውን ማዕረጉን አልተወም፤ አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀመጠው እንጂ።

እዚህ ላይ የሚጎረብጠኝን ማስረጃ ልደብቅዎ አልችልም። ካርል በ781 ሁለት ልጆቹን፣ ፔፒንን በኢጣልያ፣ ሉዊን በአኪቴይን፣ አንግሦ ነበር። ስለዚህ በቃሉ ጥሬ ትርጉም በሥሩ ነገሥታት ነበሩት። ባልደረቦቼ ይህን በደረሱበት ቁጥር ፈገግ ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን አያስደስተኝም።

ስለ “ንጉሥ” ሥርም ትንሽ ልበል፣ ባይጠይቁኝም። ግዕዙ “ነግሠ” ይላል። በዕብራይስጥ ያው ሥር መንዳት፣ መጫን፣ ማስገበር ነው፤ በኦሪት ዘጸአት እስራኤልን ጡብ የሚያሠሩት አስገባሪዎች የተጠሩበት ስም ከዚሁ የወጣ ነው። ባሲሌዎስንም ቢሆን ከቁስጥንጥንያ በፊት በይፋ የያዙት የእኛ ነገሥታት ናቸው። እንዱቢስ በሳንቲሙ ላይ በግሪክ ፊደል “የአክሱማውያን ባሲሌዎስ” ብሎ አስቀርጿል፤ ዔዛና በ4ኛው ምዕተ ዓመት በድንጋይ ላይ “ንጉሠ ነገሥት” ተብሏል። የቁስጥንጥንያው ሄራክልዮስ ባሲሌዎስን የማዕረጉ ስም ያደረገው ፋርስን ድል ከመታ በኋላ በ629 ነው። ይህን የምለው ለመኩራት ብቻ አይደለም (ለመኩራትም ነው)፤ “ንጉሠ ነገሥት” ለሌላ ሰው የማዕረግ ትርጉም እንዲሆን የተፈጠረ ቃል እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ስለዚህ “ቄሣር”። ጀርመኖች ለካርልም ለኦቶም እስከ ዛሬ “ካይዘር” ይላሉ፤ ያው ቄሣር ነው። ቡልጋሮችና ሩስያውያን “ጻር” ያሉትም እሱኑ አሳጥረው ነው። እኛም ከወንጌል ጀምሮ እናውቀዋለን፤ “ከቄሣር በቀር ሌላ ንጉሥ የለንም” የሚለውን ልብ ይበሉ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለቱ ቃላት ተለይተው ቆመዋል። ቄሣር መጀመሪያ የአንድ ሰው ስም ነበር። የሚገርመው በካርልም ላይ ያው መድረሱ ነው፦ ስሙ በስላቮች ዘንድ “ንጉሥ” ማለት ሆነ። ቼኮች “ክራል”፣ ሩስያውያን “ኮሮል” ይላሉ፤ ሀንጋሪዎች ከስላቭ ተውሰው “ኪራይ” ይላሉ፣ የቤት ኪራይ አይምሰልዎ። የገዛቸው ፍራንኮችም በዐረብኛ ኢፍራንጅ፣ በግዕዝ አፍርንጅ፣ በእኛ አፍ ፈረንጅ ሆነዋል። “የፍራንኮች ንጉሥ” ስንል “የፈረንጆች ንጉሥ” እያልን ነው።

አጻጻፉን ካነሣን፣ ቄሣርን በንጉሡ ሠ ይጻፉልኝ። የግሪኩ ድምፅ ንጉሡን ሠ አይጠይቅም፤ በእሳቱ ሰ የጻፈ ጸሐፊም አልተሳሳተም። እኔ ግን ቄሣርን ያህል ሰው በእሳቱ ሰ ተጽፎ ሳየው ዘውዱ የወለቀ ይመስለኛል።

“ኢምፐረር” የሚለውን የመጀመሪያውን ባልደረባዎን ምክር ግን አልቀበልም። ሦስት የአገር ቃላት እያሉን የእንግሊዝኛውን አጠራር ምን አመጣው?

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ጋዜጣ ስከፍት “የጃፓን ንጉሠ ነገሥት” ይላል። በሥራቸው አንድም ንጉሥ የለም፤ ማንም አልተደናገረም። የትምህርት መጻሕፍቱም “የሮማ ንጉሠ ነገሥት” ብለው ጨርሰዋል። የእኛ ንጉሠ ነገሥት ለውጭ ሰው ኢምፐረር ተብሎ ሲተረጎም ኖሮ፣ ትርጉሙ ዞሮ በሌላ በር ገባብን። ከለመደው ሕዝብ ጋር ልሟገት ብል የምሸነፈው እኔ ነኝ። እንግዲህ ማስታወሻዎ ላይ “እ.ኤ.አ. በ800 የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ ሮም ላይ ቄሣር ተብሎ ዘውድ ጫነ” ብለው፣ ፈተና ላይ “ንጉሠ ነገሥት” ብሎ የመለሰ ተማሪ ካለ ማርኩን አይቁረጡበት።

አንድ ነገር ብቻ ይሰርዙልኝ፤ “ታላቁ” የሚለውን። “ሻርለማኝ” የላቲኑ “ካሮሉስ ማግኑስ” በፈረንሳይ አፍ ተሸራርፎ ነው፤ “ማኝ” ያው “ታላቁ” ነው። ወይ “ሻርለማኝ”፣ ወይ “ታላቁ ካርል”። “የሰሐራ በረሃ” የሚለውም ያው ነው፤ ሰሐራ በዐረብኛ በረሃ ማለት ነውና። እሱን ግን እኔም እላለሁ።