ለገና የቆረጣችሁት ጥድ፦ ከጎንደር ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ

ገና ሲቃረብ ስለ ጥድ አያያዝ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ተራ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ጥዱን ትናንት ገዝተን አሸዋ በሞላ ባልዲ አቆምነው። ይበቃል?

መልስ፦ ደረቅ አሸዋ ያቆመዋል እንጂ አያጠጣውም። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ሙጫ ይወጣና ሲደርቅ ውኃ መግቢያውን ይዘጋዋል። ከታች 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር በመጋዝ ቁረጡለትና ወዲያው ውኃ ውስጥ አቁሙት፤ ዙሪያውን በድንጋይ አጥብቁት። ባልዲው ቢጠብ ግንዱን አትላጡት፤ ውኃ የሚስበው ከቅርፊቱ ሥር ያለው እንጨት ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ስንት ውኃ ይፈልጋል? ስኳር ይጨመርበታል?

መልስ፦ ስኳርም አስፕሪንም አያስፈልገውም። ግንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው በቀን እስከ 4 ሊትር ሊጠጣ ይችላል፤ የታኅሣሥ አየራችን ደግሞ ደረቅ ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ አንድ ጀሪካን ለይታችሁ አስቀምጡ። ውኃው ከተቆረጠው ጫፍ በታች ከወረደ ሙጫው ተመልሶ ይዘጋዋል፣ እንደገና መቁረጥ ግድ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአራዳ፣ አንዲት እናት)፦ ቡና የማፈላው እዚያው ሳሎን ነው። ያሰጋል ልጄ?

መልስ፦ አዎ እትዬ፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ከሰል ሲራገብ ፍንጣሪው ይዘላል። የተጎዘጎዘው ቄጤማ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ደርቆ እሳቱን እስከ ዛፉ ሥር ሊያደርስ ይችላል። ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥሉትና መፈናጠሩን ሲተው ያስገቡት፤ መስኮቱም ይከፈት፣ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ሰው ይገድላል። ረከቦቱና የዕጣን ማጨሻው ከዛፉ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቁ፤ የበለጠ ቢርቁ ይሻላል። ቄጤማውንም ከዛፉ ሥር አይጎዝጉዙ። ዛፉ በር ላይ አይቁም፤ ክፉ ቢመጣ መውጫችሁ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ዛፉ ላይ ሻማ ብናበራስ?

መልስ፦ በፍጹም! ጧፍም ቢሆን። የገና መብራት ስትገዙ የማይግለውን ኤልኢዲ ምረጡ። ሽቦው ተልጦ በናስትሮ የተጠቀለለ ከሆነ ይቅርባችሁ። መብራት ሲጠፋ፣ ስትተኙና ስትወጡ ከሶኬቱ ንቀሉት።

ጥያቄ፦ የሐበሻ ጥድ ከጫካ ብንቆርጥስ?

መልስ፦ አትቁረጡ። ቀስ ብሎ የሚያድግ ነባር ዛፋችን ነው። ለሽያጭ የተተከለ የፈረንጅ ጥድ ወይም ከግቢያችሁ የተገረዘ ቅርንጫፍ ይበቃል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ለጥምቀት እንግዳ ይመጣብናል። እስከዚያ ይቆይልናል?

መልስ፦ ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ድረስ 12 ቀን ነው፤ ውኃው ካልተቋረጠ ሊቆይ ይችላል። ግን በቀኑ አትፍረዱ፣ ዛፉን ዳስሱት። ቅርንጫፉን ስታጎብጡት ከተመለሰ ደህና ነው። ቀጭኑ ጫፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ቅጠሉ በእጃችሁ ከረገፈ፣ እንግዳው መንገድ ላይ ቢሆንም በዚያው ቀን አውጡት። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ምድጃ ላይ አትማግዱት፤ ደረቅ ጥድ ባንዴ ይንቦገቦጋል። ደጅ ከግድግዳ አርቃችሁ ቆራርጡት።