ዳርክ ፋንታሲ ለመሥራት ላሰባችሁ የጎንደር ልጆች

ዕድሜዬን ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ጎንደር ከተመለስኩ ወዲህ “ጋሼ፣ ይቺን ስክሪፕት አንዴ እይልኝ” የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። ሰሞኑን የሚመጡልኝ አብዛኞቹ ዳርክ ፋንታሲ ናቸው፤ ተረትን ከሚያስፈራ ጨለማ ጋር የሚቀላቅሉ ታሪኮች። ደስ ይለኛል። ችግሩ ሁሉም ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ነጭ የለበሰች፣ ዓይኗ የሚያሳዝን፣ ምንም የማታውቅ። ጭራቅ ይመጣል፣ ታለቅሳለች፣ ትልቅ ሰው ደርሶ ያድናታል። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለች ልጅ የትም አይቼ አላውቅም። እናንተም አላያችሁም።

የሰፈራችን ልጅ ስንቱን ያውቃል! ቤት ውስጥ ብር ሲያጥር ያውቃል። እናትና አባት ሲኮራረፉ ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል። ጎረቤት ሬሳ ሲወጣ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። የዋህ የምንለው ያየውን ሁሉ ገና “ምን ይደረግ፣ ዓለም እንዲህ ናት” ብሎ ስላልተቀበለ ነው። እኛ ትልልቆቹ ከተቀበልን ቆየን።

የሜክሲኮውን ዳይሬክተር የጊየርሞ ዴል ቶሮን “ፓንስ ላቢሪንዝ” ፈልጋችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2006 በስፓንኛ የተሠራ፣ ሦስት ኦስካር የወሰደ ፊልም ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆ አምባገነኑ ፍራንኮ ስፔንን በያዘበት ዘመን ነው። ኦፌሊያ የምትባል ልጅ ነፍሰ ጡር እናቷን ተከትላ ወደ እንጀራ አባቷ የጦር ሰፈር ትሄዳለች። እንጀራ አባቷ ካፒቴን ቪዳል ይባላል። ፊልሙ ውስጥ አስፈሪ ፍጡራን ሞልተዋል፤ እሱን የሚያህል ግን የለም።

ይህ ሰው የኪስ ሰዓት አለው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ። አባቱ ጦር ሜዳ ሲሞት፣ ልጄ የሞትኩበትን ሰዓት ይወቅ ብሎ ነው የሰበረው ይባላል። ቪዳል እራት ግብዣ ላይ ወሬውን ይክዳል፤ አባቴ ሰዓት ኖሮት አያውቅም ይላል። ብቻውን ሲሆን ግን ሰዓቱን ከፍቶ ይጠርጋል፣ ይጠግናል። ስለ ጊዜ የሚሰብክ ገጸ ባሕርይ የለም። አንድ ዕቃ አለ፣ ሁለት እጅ አለ፣ በቃ። እናንተ ሁለት ገጽ ንግግር የምታባክኑበትን ነገር ዴል ቶሮ በአንድ ሾት ይጨርሰዋል።

ልጅቷስ? በጠመኔ ግድግዳ ላይ በር ትሥልና ትገባለች። የአሸዋ ሰዓቱ መፍሰስ ይጀምራል። ሳያልቅ መመለስ አለባት፣ ማዕዱንም እንዳትነካ ተነግሯታል። እሷ ሁለት ፍሬ ወይን ትበላለች! ዓይኖቹን መዳፉ ላይ የሚሰካው ጭራቅ ይነቃል። እዚህ ጋ ተመልካች ሁሉ ይናደድባታል። እኔ ግን የምወደው ቦታ ነው። ልብሷን አበላሽታ ያለ እራት እንድትተኛ የተቀጣች ልጅ ናት እኮ። ሕፃን ይርበዋል። ስክሪፕታችሁ ውስጥ ያለችው ልጅ አንዴም አይርባትም።

ፊልሙን ያላየ ይህን አንቀጽ ይዝለለው። እንደ ኤዲተር የምቀናው በመክፈቻው ነው። ልጅቷ ወድቃለች፣ ከአፍንጫዋ ደም ወርዷል። ከዚያ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ኋላ ማጫወት ማንም በስልኩ የሚሠራው ነው፤ ድፍረቱ መጨረሻውን መጀመሪያ ላይ ማስቀመጡ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል የምናየው ልጅነት ሁሉ እንደሚያልቅ እያወቅን ነው የምናየው። ስትስቅም ሆዳችን ይባባል።

በጂም ሄንሰን “ላቢሪንዝ” በተባለው ሌላ ፊልም ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው፣ 13 ሰዓት የሚቆጥር ሰዓት አለ። ጎብሊን የሚባሉ ትንንሽ ጭራቆች ወንድሟን የወሰዱባት ልጅ እሱን ለማስመለስ የተሰጣት ጊዜ ያ ነው። ቀላል ነው ብላ ስትኮራ የጎብሊኖቹ ንጉሥ ሰዓቱን ወደፊት ይገፋባታል። ፈረንጅ ይህን 13ኛ ሰዓት ከምናቡ ፈጥሮ አመጣ። እኛ 13ኛ ወር ግድግዳችን ላይ ሰቅለን እንኖራለን! ጳጉሜ፣ 5 ወይም 6 ቀን፣ ደሞዝ የማይከፈልበት ወር። የሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሲጥል ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ደጅ ይወጣሉ፣ ትልልቁ ሰው የትምህርት ቤት ወጪ ያሰላል። ከዚህ የተሻለ የዳርክ ፋንታሲ ጊዜ ከየት ይመጣል? እስካሁን ታሪኩን ጳጉሜ ላይ ያደረገ ስክሪፕት አልደረሰኝም።

ቦታም አላችሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ ቀና ካላችሁ ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሳጥናኤል በእሳት መካከል አለ። ሴት አያቶቻችን እጃችንን ይዘው ሲያስገቡን ዓይናችንን አልሸፈኑም። ጨለማው ለልጅ አይበዛም ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው። ለቀረጻ ከሆነ ቁስቋም ውጡ። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ላይ ሣሩ ራሱ ስንት ዘመን እንዳለፈ ይናገራል። የፋሲል ግንብን በድሮን ከላይ መዞር ግን፣ እባካችሁ፣ ለቱሪዝም ማስታወቂያ ተዉት።

የጃፓኑን የአኒሜሽን ዳይሬክተር የሚያዛኪን “ስፒሪትድ አዌይ” ያያችሁ መኪናዋን ታስታውሳላችሁ። ልጅቷ ከመናፍስቱ ዓለም ስትመለስ መኪናቸው ቅጠልና አቧራ ለብሷል። እናትና አባት ግራ ይገባቸዋል፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አያውቁም። ልጅቷ ዝም ትላለች። እንዲህ ያለች ልጅ ጻፉልኝ።

አንድ የሥራ ጉዳይ ልጨምር። ሕፃን ተዋናይ ያድጋል። እኛ ጋ በጀት አልቆ ቀረጻ መቋረጡ የታወቀ ነው፤ ከወራት በኋላ ስትመለሱ የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ ቁመቱ ጨምሮ ታገኙታላችሁ። በዚህ የተነሳ ሁለት የተለያዩ ልጆች የሚመስሉትን ኤዲቲንግ ላይ አንድ ልጅ አስመስዬ ስቀጥል ያደርኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ስለዚህ ብር እጃችሁ ላይ እያለ የልጁን ትዕይንት ሁሉ አስቀድማችሁ ቅረጹ። የጭራቁን ጭንብል የሚያደርገውን ሰው ጭንብሉን ሳያደርግ ያስተዋውቁት፣ አብረው ሻይ ይጠጡ። እናቱ ቀረጻው ላይ ትኑር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በላይም አታቆዩት፤ ጠዋት ትምህርት ቤት አለው።