የእናትሽ ወርቅ ይቀመጥ

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪዋ የድሬ ልጅ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጅቡቲ ውስጥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለተማሪዎች በተዘጋጀ የባሕር ተፈጥሮ ጉዞ ተመርጠሻል። ከተለያዩ አገሮች ከሚመጡ ተማሪዎች ጋር ዌል ሻርክ የተባለውን ትልቁን ዓሣና ኮራሎችን (ድንጋይ መስለው ተጣብቀው የሚኖሩትን የባሕር እንስሳት) ታጠኛላችሁ፤ ከአካባቢው ሰዎች ጋርም የባህል ልውውጥ አለ። ክፍያው ስለከበደ እናትሽ የወርቅ አምባሯን ልትሸጥ ነው። አጎትሽ ደግሞ «ባሕር ለሌለው አገር የባሕር ትምህርት ምን ያደርጋል? ትራንዚት ቢሮዬ ግቢ» ብሎሻል። ዋና አለመቻልሽና ፈረንሳይኛ አለማወቅሽም አስግቶሻል።

ከወርቁ ልጀምር፤ ያናደደኝ እሱ ነው። አይሸጥም። እናትሽ «ለልጄ ያልሆነ ወርቅ» ማለቷ አይቀርም፤ ነገር ግን ያ አምባር ሰው ሲታመም ወይም ሥራ ሲጠፋ የሚወጣ ነው እንጂ ለጥቂት ቀናት ጉዞ አይደለም። የጉዞ ምስክር ወረቀት አይቶ ሰው የቀጠረ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቅሪ ማለቴ አይደለም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እንደምትግባቢ እግረ መንገድሽን ጠቅሰሽ አልፈሻል፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ዋጋ ያለው እሱ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ሰው በየቤቱና በየጀልባው የሚነጋገረው በሶማልኛና በአፋርኛ ነው። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ዓሣ አጥማጁን «ድሮ እዚህ ምን ታጠምዱ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ሰው ያስፈልገዋል። አስተርጓሚ የሌለው የባህል ልውውጥ አብሮ ፎቶ ከመነሣት አያልፍም። ስለዚህ ለአዘጋጆቹ ዛሬውኑ ጻፊ፦ በሶማልኛ አስተረጉማለሁ፣ ክፍያው ይነሣልኝ በያቸው። መገላ ገበያ በሦስት ቋንቋ ዋጋ ስትከራከሪ አድገሽ ይህን መጠየቅ ሊያሳፍርሽ አይገባም።

በዚያው ደብዳቤ ተማሪው እዚያ ምን እንደሚመዘግብ ጠይቂ። በዌል ሻርክ ጎን ላይ፣ ከስንጥቡ (ዓሣው ከሚተነፍስበት ክፍል) ኋላ ያለው ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ አንዱን ከሌላው ይለያል፤ ተመራማሪዎች ግራ ጎኑን ፎቶ እያነሡ ያንኑ ዓሣ ከዓመት ዓመት ይከታተላሉ። ኮራሉ ላይ ደግሞ የመለኪያ ገመድ ዘርግቶ ከሥሩ ያለውን በየርቀቱ መጻፍ አለ፦ ሕያው፣ ውኃው ሞቆበት የነጣ፣ የሞተ፣ አሸዋ። ይህን የሚያሠሩ ከሆነ ሂጂ። መልሳቸው መዋኘትና መዝናናት ብቻ ከሆነ በነጻም ቢሆን ይቅርብሽ፤ ዌል ሻርኮቹ በብዛት የሚታዩት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፣ አንቺ ደግሞ ያኔ ክፍል ውስጥ ነሽ።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ከጀልባ የወረደ ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛ፣ መለኪያ ሰሌዳ ላይ እያስተኛሁ ርዝመቱን የምጽፍ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሽታው ከእጅ አይለቅም፣ ደመወዙም አያኮራም፤ ቀጣዩን ሥራዬን ያገኘሁት ግን በዚያ መዝገብ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ የምታመጪውን ዘዴ የሐረማያ ሐይቅ ላይ አውዪው። ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ሲሳብ ኖሮ የደረቀ፣ በኋላ ውኃ የተመለሰበት ሐይቅ ነው፤ ምን ሕይወት አብሮ እንደተመለሰ መመዝገብ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ታክሲውም ርካሽ ነው። ሰበታ ለሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ስታመለክቺ የምታሳዪው ይኖርሻል።

አጎትሽን በአክብሮት እንዲህ በይው፦ የትራንዚት ቢሮህ እንጀራ የሚጋገረው ጅቡቲ ወደብ ነው፤ ድሬዳዋንም የቆረቆራት እ.ኤ.አ. በ1902 ከዚያው ባሕር የመጣው ባቡር ነው። ባሕር አይመለከተንም የሚል ሰው ከሌላ ከተማ ይፈለግ። በክረምት ግን ቢሮው ገብተሽ ሥሪ፤ የዘመድ ሥራ ነው ብሎ እንዳያልፍሽ ደመወዝ ይክፈልሽ፣ የፓስፖርትና የመንገድ ወጪሽ ከዚያ ይወጣል።

ዋናውን እስከ ጉዞው ድረስ ከአሠልጣኝ ጋር ተለማመጂ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት እንደሚሰጡም አስቀድመሽ አረጋግጪ። ፈረንሳይኛው ከሰላምታ አይለፍ። የአዘጋጆቹ መልስ ሲደርስሽ ላኪልኝ፤ ምን እንደሚያስመዘግቡ አብረን እናነበዋለን።